የመኪና ጌጥና የመኪና ጥበቃ፤ በአርብ ገበያ በሚታዩ ተሽከርካሪዎች ላይ የቀረበ ሒስ

መግቢያ

ስለ ሥዕል፣ ስለ ቅኔ ወይም ስለ ዜማ ሒስ ቢጻፍ የሚገርመው ሰው የለም። ስለ መኪና ሒስ ተጻፈ ሲባል ግን አንዳንድ አንባቢ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። መኪና በውጭ አገር ፋብሪካ ተሠርቶ የሚመጣ ዕቃ ነውና፣ ስለ ውበቱ ሊናገሩ የሚገባቸው የሠሩት መሐንዲሶች ናቸው የሚል አስተያየት በብዙዎች ዘንድ አለ። ይህ አስተያየት ሙሉ እውነት አለመሆኑን ለመረዳት በገበያ ቀን አርብ ገበያ ቆሞ የሚገባውንና የሚወጣውን ተሽከርካሪ መመልከት ይበቃል። የአንዱ የጭነት መኪና ካሶኒ ጣውላና ብረት ተጨምሮለት ከፍ ብሏል፤ የሌላው ግንባር የቅዱሳን ስም ተጽፎበታል፤ የሦስተኛው የፊት መስታወት ዙሪያውን ዘርፍ ባለው ጨርቅ ተከቧል፤ ባለሦስት እግሩ ባጃጅ ደግሞ በአንድ ጎኑ የዐፄ ቴዎድሮስን ሥዕል፣ በሌላው ጎኑ የእንግሊዝ አገር የእግር ኳስ ቡድን ምልክት ለጥፎ ይሄዳል። ፋብሪካው የላከው ዕቃ አንድ ዐይነት ሲሆን፣ የአገሩ ሰው ሠርቶ ያወጣው ግን ልዩ ልዩ ነው። ሰው በዕቃ ላይ ሐሳቡንና ምርጫውን የሚያሳይበት ሥራ ሁሉ ሊመረመር ስለሚገባው፣ ይህም ሊመረመር ይገባዋል።

አርብ ገበያ በደቡብ ጎንደር የታች ጋይንት ከተማ ናት። ስሟ እንደሚናገረው የገበያ ቦታ ስለ ሆነች፣ ተሽከርካሪ ወደ እርሷ የሚመጣው ለሽርሽር ሳይሆን እህል፣ ከብት፣ ሸቀጥና ሰው ለመጫን ነው። ከአዲስ አበባ የግል አውቶሞቢሎች ይልቅ የዚህችን ገበያ መኪናዎች ለጥናታችን የመረጥነውም ስለዚህ ነው። በከተማ አስፋልት ላይ የሚሄድ ያማረ መኪና ጉድለቱን ለብዙ ጊዜ ሊሸሽግ ይችላል፤ የጋይንት ቁልቁለት ግን አይሸሽግለትም።

በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የፈለግነው አንድ ነገር ነው። ይኸውም፣ መኪናን ማስጌጥና መኪናን መጠበቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ተደርገው መታየታቸው ስሕተት መሆኑን፤ ከጥበቃ የመነጨ ጌጥ እውነተኛ ውበት ሲሆን፣ ጥበቃን ለመተካት የተደረገ ጌጥ ግን ሐሰተኛ፣ አንዳንድ ጊዜም ገዳይ መሆኑን ነው።

፩. መንኰራኩር በጋይንት

ስለ መኪና በኢትዮጵያ ሲነገር ታሪኩ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤዲ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለውን መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገባ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ሌላ መኪና አመጣ። ንጉሠ ነገሥቱም በመኪና ተቀምጠው በመሄዳቸው እጅግ ተደስተው እንደ ነበር ይነገራል። ይህ ለአዲስ አበባ ትክክለኛ መነሻ ነው። ለጋይንት ሰው ግን ከባድ ነገር በመንኰራኩር ሲጐተት ማየት ከዚያ 40 ዓመት ይቀድማል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያስቀመጧቸው፣ ከነዚህም መካከል ቴዎፍሎስ ዋልድማየር የሚገኝባቸው የሚስዮን የእጅ ሥራ ባለሙያዎች፣ 7 ቶን ያህል ይመዝናል የሚባለውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ አፈሰሱ፤ የሚጫንበትንም ሠረገላ ሠሩ። በመስከረም መጨረሻ 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ መድፉን በሰው ጉልበት እያስጐተቱ በጋይንት ደጋ አልፈው፣ የጨጨሆን ገደልና ከዚያ ወዲያ ያሉትን ሸለቆዎች ተሻግረው፣ በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሱ። ዛሬ በመኪና ከአንድ ቀን ብዙም የማያልፈው ጉዞ ስድስት ወር ያህል ወሰደ።

ይህ ታሪክ ለሒሳችን የሚጠቅመው በአንድ ምክንያት ነው። ንጉሡ ሠረገላውን ካሠሩ በኋላ መንገድ እስኪገኝ አልጠበቁም፤ ያለ መንገድም ሠረገላውን ወደ ገደል አልለቀቁትም። ድንጋዩን በባሩድ እያፈረሱ፣ ቍልቍለቱን እያለዘቡ፣ ራሳቸውም ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ እያነሡ መንገዱን ለሠረገላው ልክ አደረጉት። በኋላ የመጣው የእንግሊዝ ጦር የጂዳን ሸለቆ የተሻገረው ንጉሡ ባስጠረጉት በዚሁ መንገድ ነበር። በእርግጥ ሥራው በሕዝቡ ላይ የጣለውን መከራ መርሳት አይገባም፤ መድፉን የጐተተው ትከሻ የጋይንትና የበጌምድር ሰው ትከሻ ነበርና። ነገር ግን ክብደቱ፣ መንገዱና ማቆሚያው በአንድነት ካልታሰቡ መንኰራኩር አደጋ እንደሆነ ያን ጊዜ የታወቀ ነበር። ሴባስቶፖል በቍልቍለት ሲወርድ ወደ ፊት ከሚስበው ይልቅ ወደ ኋላ የሚይዘው ሰው ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ይህን ሥራ የሚሠራው ፍሬን ነው።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ጋይንት የበቅሎና የአህያ አገር ሆኖ ኖረ። ከወረታ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ወልድያ የሚያልፈው መንገድ በቻይናውያን የተሠራው ከ1960ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. ጀምሮ ነው፤ አስፋልት የለበሰውም ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ የጋይንት ሰው ከበቅሎ ወደ መኪና የተሻገረው በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። በቅሎን ያስጌጥ የነበረ እጅ መኪናን ለማስጌጥ ጊዜ አልወሰደበትም።

፪. የበቅሎ መለኪያ

የመኪናውን ጌጥ ለመፍረድ ከውጭ አገር መለኪያ መዋስ አያስፈልገንም፤ አገሩ የራሱ መለኪያ አለው። ባለ በቅሎ ሰው ለክብር ቀን በቅሎውን ሲጭን ግላሱ የተጠለፈ፣ ልጓሙ የተሸለመ፣ እርካቡ የተወለወለ ይሆናል። ከገበያ በቅሎ ሊገዛ የመጣ ዐዋቂ ግን በግላሱ አይታለልም። መጀመሪያ የሚያደርገው ኮርቻውን አስወርዶ ጀርባዋን ማየት ነው። ገጣባ ካለባት፣ ጌጧ ምንም ያህል ቢያምር ባለቤቷ አላዋቂ ነው ተብሎ ይነቀፋል። ቀጥሎ ሰኮናዋን አንሥቶ ያያል፤ ጥርሷን ይቈጥራል፤ በቍልቍለት አረማመዷን ይመረምራል። ግላሱን የሚያደንቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሥርዐት ውስጥ ጌጥ የመጨረሻው ቃል እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። ያማረ ግላስ፣ ከሥሩ ያለው ጀርባ ጤነኛ መሆኑን የሚመሰክር ማኅተም ነበር። ማኅተሙን ያለ ደብዳቤው የሚያትም ሰው እንደ አታላይ ይቈጠራል። የኛም መለኪያ ይኸው ነው፤ መኪናን ስናይ መጀመሪያ ኮርቻውን ማውረድ አለብን።

፫. ቅጥቅጥ

በአርብ ገበያ መንገድ ሰው ከሚጓዝባቸው ተሽከርካሪዎች አንዱ ሕዝቡ «ቅጥቅጥ» የሚለው መለስተኛ አውቶቡስ ነው። ይህ መኪና ከፋብሪካ አውቶቡስ ሆኖ የመጣ አይደለም። የአይሱዙ የጭነት መኪና ሻሲና ሞተር ሆኖ መጥቶ፣ በአገር ውስጥ ጋራዥ ላሜራ ተቈርጦ፣ ተበይዶና ተቀጥቅጦ ሰው የሚጫንበት አካል የተሠራለት ነው። ስሙን ያገኘው ከአሠራሩ ነው፤ ቀጥቃጭ የሚባለውም ማረሻና ማጭድ የሚሠራው የገጠሩ ባለ እጅ ነውና፣ ሕዝቡ የጋራዡን ሠራተኛና የአገሩን ብረት ሠሪ በአንድ ግስ ጠርቷቸዋል። በሌላ ዘመን በአዲስ አበባ የኋላ ክፍላቸው ተሸፍኖ፣ ሰዎች ፊት ለፊት በሚያስቀምጥ አግዳሚ የተሠሩት ታክሲዎች «ውይይት» መባላቸው የዚሁ ዐይነት ብልሃት ነው።

ቅጥቅጥ እንደ ሥራ ሲታይ የሚደነቅ ነገር አለው። ለከፍተኛ ቦታ፣ ለኮረኮንችና ብዙ ዕቃ ይዞ ለሚጓዝ ገበሬ የሚስማማ ነው፤ ከመሬት ከፍ ያለ ነው፤ መለዋወጫው ከጭነት መኪናው ጋር አንድ ስለ ሆነ በየከተማው ይገኛል፤ ጎኑ ቢጐዳ አገሩ የሠራውን አገሩ ይጠግነዋል። ፋብሪካ ያላሰበውን ችግር የአገር ሠራተኛ አስቦ መፍትሔ ሰጥቶታል። ይህን የመሰለውን ሥራ «ድሪቶ» ብሎ የሚንቅ ሰው የመኪናን ዋጋ በመልኩ ብቻ የሚገምት ነው።

ነገር ግን የዚሁ ብልሃት ሌላ ፊት አለው። ሻሲው የተሠራው የተወሰነ ክብደት እንዲሸከም ነው። ባለንብረቱ ትርፍ ለመጫን ሲፈልግ ተጨማሪ ባሌስትራ ያስገባል፤ ካሶኒውን ከፍ ያደርጋል፤ በጣራው ላይ ያለውን ፖርቶ መጋላ ያሰፋል። መኪናው ያን ጊዜ በዐይን ሲታይ ኰራ፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ብዙዎችም «አምሮበታል» ይላሉ። እኛ ግን እዚህ ላይ የሒሳችንን ዋና ነጥብ እናገኛለን፦ ባሌስትራ ሲጨመር ፍሬን አይጨመርም። ጭነቱን የሚሸከመው ብረት በረታ እንጂ ጭነቱን የሚያቆመው ሸራ የድሮው ነው። ጭነቱ ወደ ላይ በተከመረ ቍጥርም መኪናው በመዞሪያ ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል። መኪናው በአርብ ገበያ ሜዳ ቆሞ ሳለ ጕድለቱን ማንም አያየውም፤ ቍልቍለቱ ሲጀምር ግን ፍሬኑ እየጋለ ይሄዳል፤ በጋለ መጠንም የመያዝ ኀይሉ ይቀንሳል። ነዳጅ ለመቈጠብ በፎሌ የሚወርድ ሾፌር ከሆነ ደግሞ ሞተሩ የሚሰጠውን እርዳታ በገዛ እጁ ስለ ጣለ ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። የሴባስቶፖል ጐታቾች ወደ ኋላ የሚይዘውን ሰው ቍጥር ሳይጨምሩ ክብደት ጨምረው ቢሆን ኖሮ መድፉ ጨጨሆን አያልፍም ነበር።

፬. ሁለት ስሞች

ከአካሉ ቀጥሎ የሚመረመረው በመኪናው ላይ የሚጻፈው ቃል ነው። በግንባሩ ብዙ ጊዜ የሚታየው የቅዱስ ሚካኤል፣ የቅዱስ ገብርኤል፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ወይም የእመቤታችን ስም ነው፤ በእስላም ወንድሞቻችንም መኪና ላይ የፈጣሪ ስም ይጻፋል። በኋላው ደግሞ ምሳሌያዊ አነጋገር፣ ምቀኛን የሚገሥጽ ቃል፣ የትዕግሥት ምክር ወይም የባለቤቱ ልጅ ስም ይገኛል። የቦታው አመራረጥ ያለ ምክንያት አይደለም። የፊቱ ጽሑፍ ለሚመጣው አደጋ የቀረበ ጸሎት ነው፤ የኋላው ግን ተከትሎ ለሚመጣው ሰው የተነገረ ንግግር ነው። ቃሉ አጭር መሆን አለበት፤ የሚያነበው ሰው መኪናው ከማለፉ በፊት መጨረስ አለበትና። በዚህ ረገድ ከኋላ የሚጻፉት ቃላት የአማርኛን የማሳጠር ባሕርይ በሚገባ ያሳያሉ፤ የቋንቋ ተማሪዎች ከመጻሕፍት ውጭ ሊመለከቷቸው ይገባል።

ይሁን እንጂ መኪና የሚጠራው ባለቤቱ በጻፈበት ስም ብቻ አይደለም። ሕዝቡ የሚሰጠው ሌላ ስም አለው። ይህ ልማድ ከፈረስ ስም ጋር የሚዛመድ ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ኀይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ይባሉ የነበሩት በፈረሳቸው ስም ነበር፤ ፈረሱ ለጌታው ስም ይሰጥ ነበር። በመኪና ዘመን ነገሩ ተገልብጦ ከአንድ ባለሥልጣን ስም ተወስዶ አንዱ ዐይነት የቶዮታ ሚኒባስ «አባዱላ» ተባለ፤ ሌላውም በቅርጹ «ዶልፊን» ተባለ። እነዚህ የሚያስቁ ስሞች ናቸው። የማያስቁም አሉ። የአይሱዙ የጭነት መኪና «አልቃይዳ» ተብሏል፤ ከቻይና የመጣው ሲኖትራክ ደግሞ «ቀይ ሽብር» ተብሏል። አንዱ ስም ከዓለም ዜና፣ ሌላው ከራሳችን መራራ ታሪክ የተወሰደ ሲሆን፣ ሁለቱም የሚናገሩት መኪናው ሰው መግደሉን ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። በአንድ መኪና ላይ ሁለት ስሞች ተገናኝተዋል። ባለቤቱ በቀለም የጻፈው «ጠብቀኝ» ይላል፤ ሕዝቡ በአፉ የሰጠው «ከርሱ ተጠበቁ» ይላል። የመጀመሪያው የባለቤቱ ምኞት ሲሆን፣ ሁለተኛው የተመልካቹ ፍርድ ነው። ከማንኛውም ምሁር በፊት የመኪናን ሒስ የጻፈው ይህ ስም አውጪ ሕዝብ ነው ብንል ከእውነት አልራቅንም። ሒሱም ትክክል ነው፤ ምክንያቱም መኪናውን የመዘነው በግንባሩ ጽሑፍ ሳይሆን በአደራረጉ ነው። ሁለቱን ስሞች ሊያስታርቅ የሚችለው ሦስተኛ ጽሑፍ ወይም ሌላ ሥዕል አይደለም፤ ጥበቃ ብቻ ነው።

ጌጡ በቀጥታ ጥበቃን የሚቃወምበትም ጊዜ አለ። በፊት መስታወት ላይ የሚንጠለጠለው ጨርቅና የሚለጠፈው ሥዕል ለዕይታ የሚያስፈልገውን ቦታ ይወስዳል። የኋላ መብራቱን ልዩ ልዩ ቀለም ባለው አምፖል የለወጠ ሾፌር፣ ፍሬን መያዙን ለተከታዩ የሚናገርበትን ቋንቋ አጥፍቷል። ፍሬቻው ሳይሠራ ክላክሱ የሦስት ዐይነት ዜማ የሚያሰማ መኪናም አለ። ስለነዚህ ያለው አነጋገር «ላዩን ዓለም ይየው፣ ውስጡን ለቄስ» የሚባለው ነው።

በአንጻሩ ደግሞ ውበትንና ጥበቃን ያጣመረ ጌጥ አለ። በካሶኒው ጠርዝ ዙሪያ የሚለጠፈው የሚያንጸባርቅ ቴፕ፣ በቀን እንደ ጥልፍ ጥበብ ያምራል፤ በሌሊት ደግሞ ለሚመጣው መኪና የጭነቱን ስፋት ያሳያል። በየጊዜው የሚታደስ ቀለም ላሜራውን ከዝገት ይጠብቃል። የጭቃ መከላከያው ላይ የሚንጠለጠለው ያጌጠ ላስቲክ ከኋላ ያለውን ሰው ከጠጠር ያድናል። እነዚህን በሠራ እጅ ላይ ጥልፍ ጠላፊዋና የኮርቻ ሠሪው ሙያ አለ ለማለት እንደፍራለን።

፭. የረዳቱ ሥራ

የመኪና ውበት ሲነሣ ስሙ የማይነሣ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም ረዳቱ ነው። ሾፌሩ መሪውን ይይዛል፤ ባለንብረቱ ገንዘቡን ይቈጥራል፤ መኪናውን የሚያውቀው ግን ረዳቱ ነው። በመቆሚያ ላይ ታኮ ከጎማ ሥር የሚያደርግ፣ ቸርኬውን በመዶሻ መትቶ በድምፁ የላላውን ብሎን የሚለይ፣ ባሌስትራውን ግሪስ የሚቀባ፣ ሌሊት ከጭነቱ ጋር የሚያድር እርሱ ነው። ከሥራው ሁሉ ግን ተራ መስሎ የሚታየው ማጠብ፣ በእኛ አስተያየት ዋነኛው ነው። መኪና ማጠብ መመርመር ነው። በጭቃ በተሸፈነ ሻሲ ላይ የተሰነጠቀ ባሌስትራ አይታይም፤ የፍሬን ዘይት መንጠባጠቡ አይታወቅም፤ ጎማ ውስጥ የገባ ሚስማር አይገኝም። በንጹሕ መኪና ላይ ግን አዲስ የዘይት ጠብታ ወዲያው ይለያል። እንግዲህ ንጽሕና ለዐይን ብቻ የሚደረግ ጌጥ አይደለም፤ ጕድለት እንዳይደበቅ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው። የበቅሎዋን ጀርባ ማታ ማታ የሚዳስሰው አሽከር ይሠራ የነበረውን ሥራ ዛሬ የሚሠራው ረዳቱ ነው።

የዚህ ሙያ ትምህርት የሚሰጠው በመጽሐፍ ሳይሆን በቃል ነው። ቃላቱም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ፣ ማርሚታ፣ ፓራውልት፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ጎሚስታ፣ ሊብሬ፣ ቦሎ፣ ፎሌ፤ እነዚህ ሁሉ ከጣልያን ቋንቋ መጥተው በአማርኛ አፍ ተሞርደው የቀሩ ናቸው። የመጡት ከወረራው ዘመን መኪናዎችና ከዚያም በኋላ በአዲስ አበባና በአሥመራ ከነበሩት ጋራዦች ጋር ነው። ጣልያን አገርን በካርታ ላይ ሊያሳይ የማይችል የጋይንት ወጣት የመኪናን አካል ሁሉ በነዚህ ቃላት ያውቃል፤ ሞተሩ ከጃፓን፣ ባጃጁ ከሕንድ፣ ሲኖትራኩ ከቻይና ቢመጣም ስማቸው አንድ ነው። በልማድ ለብቻው የቆመ፣ ሰፊና ትክክለኛ የሥራ ቋንቋ ሳለን፣ ለዚህ ቋንቋ የሚሰጠው ክብር ትንሽ መሆኑ ያሳዝናል። ሙያውን የሚንቅ ኅብረተ ሰብ ሙያተኛውን ይንቃል፤ የተናቀ ሙያተኛም «ፍሬኑ አይበቃም፤ አንጫን» ብሎ ለባለንብረቱ ለመናገር አይደፍርም። ለመኪናው የሚደረገው ጥበቃ በረዳቱና በሾፌሩ ድፍረት ላይ የቆመ ነውና፣ የተሳፋሪውም ሕይወት በዚሁ ላይ ይቆማል።

፮. ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

በዚህ አስተያየታችን ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ሊነሡ እንደሚችሉ እንገምታለን።

አንደኛው፣ የቅዱሳን ስም የተጻፈበትን መኪና መንቀፍ እምነትን መንቀፍ ነው የሚል ነው። እኛ ጽሑፉን አልነቀፍንም፤ የነቀፍነው ከጽሑፉ በኋላ እጅን አጣጥፎ መቀመጥን ነው። በጋይንት ጠፍሩን ሳያጠብቅ በቅሎ ላይ የሚወጣ ካህን የለም። ጸሎትና ጠፍር ሁልጊዜ አብረው ነበሩ።

ሁለተኛው፣ ድኽነት ነው የሚል ነው። መለዋወጫ ውድ ነው፤ ባለንብረቱ ባለ ዕዳ ነው፤ ስለዚህ የሚችለውን ያደርጋል ይባላል። ይህ ተቃውሞ ከመጀመሪያው ይልቅ ከባድ ነው፤ እውነትም አለበት። ነገር ግን ብሎን ማጥበቅ፣ ግሪስ መቀባት፣ የጎማን አየር ማየት፣ ቍልቍለት ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ቀንሶ በሞተር ኀይል መውረድ ብዙ ገንዘብ አያስወጡም። ለአዲስ ክላክስ የሚበቃ ገንዘብ የተገኘ እንደ ሆነ ደግሞ ለፍሬን ሸራ አልተገኘም ማለት የድኽነት ሳይሆን የምርጫ ነገር ነው። ሒስ የሚገባውም በምርጫ ላይ ነው።

ሦስተኛው፣ ጥፋቱ የመንገዱ ነው እንጂ የመኪናው አይደለም የሚል ነው። ከዋናው አስፋልት ተገንጥለው ወደ ገጠር ገበያዎች የሚወርዱት መንገዶች ጠባብና ጠመዝማዛ መሆናቸው እውነት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከመድፋቸው ፊት መንገዱን ማስጠረጋቸውን ያወሳነውም ስለዚህ ነው፤ መንገድ የመኪናው ግማሽ አካል ነውና መንገድ ሠሪውም ከሒስ አያመልጥም። ዳሩ ግን መንገዱ እስኪስተካከል ድረስ ጭነቱንና ፍጥነቱን ለመንገዱ ልክ ማድረግ የነጂው፣ ይህን እንዲያደርግ ጊዜ መስጠት ደግሞ የባለንብረቱ ግዴታ ነው። «ዛሬውኑ ደርሰህ ዛሬውኑ ተመለስ» ብሎ የላከ ባለንብረት የአደጋው ተካፋይ ነው።

መደምደሚያ

ይህ ጉዳይ በአሁኑ ጊዜ ከቀድሞው የበለጠ ክብደት አግኝቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ ያገለገሉ አሮጌ መኪናዎችን ለማስገባት የሚከፈለውን ግብር እጅግ ከፍ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ውሳኔውን አስታወቀ። የውሳኔዎቹን ጥቅምና ጕዳት መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ከነርሱ የሚከተለው አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው፤ አሁን በእጃችን ያሉት መኪናዎች ከታሰበላቸው ዕድሜ በላይ ይሠራሉ። የሚያረጅ ዕቃ ያለው ሰው ከመግዛት ይልቅ መጠበቅን ማወቅ አለበት። ቦሎ ለመለጠፍ በዓመት አንድ ጊዜ የሚደረገው ምርመራ ደግሞ የአንድ ቀን ነገር ነው፤ ከዚያ ቀን በቀር ያሉት ቀኖች ሁሉ የረዳቱና የሾፌሩ ናቸው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ለአንባቢያችን እናሳስባለን። መጀመሪያ፣ በመኪናዎች ላይ የሚጻፉት ቃላትና ሕዝቡ ለመኪናዎች የሚያወጣቸው ስሞች ከነመንገዳቸውና ከነዘመናቸው ተሰብስበው ቢመዘገቡ፣ ለሥነ ቃል ጥናት ትልቅ ሀብት ይሆናሉ፤ ቀለም ሲታደስ የቀድሞው ጽሑፍ ይጠፋልና መዘግየት አይገባም። ሁለተኛ፣ የጋራዥ ቋንቋ በመዝገበ ቃላት መልክ ቢዘጋጅ ለሙያ ትምህርት ቤቶች ይጠቅማል፤ ተማሪው የሚያውቀውን ቃል ትቶ የማያውቀውን የእንግሊዝኛ ቃል ከመሸምደድ ይድናል። ሦስተኛ፣ በየከተማው ያሉት የአካል ሠሪዎችና ቀለም ቀቢዎች እንደ ባለሙያ ተቈጥረው ስለ ክብደትና ስለ ፍሬን የሚሰጠው ትምህርት ለነርሱም እንዲደርስ ያስፈልጋል፤ መኪናውን ከፍ የሚያደርገው ሰው፣ ከፍ ሲል ምን እንደሚከተል የሚያውቅ መሆን አለበትና።

በአርብ ገበያ አካባቢ መኪና ከሞተም በኋላ ሥራው አያልቅም። የተሰበረው ባሌስትራ ለቀጥቃጭ ተሰጥቶ ቢላዋና ማጭድ ይሆናል፤ ያለቀው ጎማ ተቈርጦ በረባሶ ይሆናል፤ በርሜሉ ውኃ ይይዛል። አንድን ብረት እስከ መጨረሻው የሚጠቀም፣ ከንቱ የማይጥል ሕዝብ መጠበቅን አያውቅም ሊባል አይችልም። ከርሱ የሚፈለገው ለማጭዱና ለበቅሎዋ የነበረውን ጥንቃቄ መኪናው ገና በሕይወት ሳለ ለፍሬኑ እንዲያደርገው ነው። ይህ ከሆነ በግንባሩ ላይ የተጻፈው ስም በሚገባው ቦታ ላይ ተጻፈ ማለት ነው፤ ሕዝቡም ሌላ ስም ለማውጣት ምክንያት አይኖረውም።